«የማን ልጅ ነህ?» የክርስትና ስምና የክርስቲያን ማንነት

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ነን። ሐረጎን መውጣት ስንጀምር ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው። ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ወጣት ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «እማዬ፣ የክርስትና ስሜ ማን ነበር?» አለ። ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ደጋገመው፤ በሦስተኛው ላይ ሚኒባሱ ሙሉ ሰማ። ሳቅ ሆነ። ከፊቱ የተቀመጡ ሻሽ የጠመጠሙ እናት ዞር ብለው «ምነው ልጄ፣ ስምህ ጠፋህ?» አሉት።

«አይ፣ ስሜስ አለ። የክርስትናው ነው። ንስሐ አባቴ ጋ እየሄድኩ ነው፣ ይጠይቁኛል።»

«አብሽር፣ እናት አትረሳም» አሉት።

ልጁ መታወቂያ ኪሱ ውስጥ አለ። የተማሪነት ካርድ አለው፣ ቴሌግራም ላይ የሚጠራበት ሌላ ስም አለው። ካህኑ ግን ከነዚህ አንዱንም አይፈልጉትም። ሲቆርብ፣ ተክሊል ሲደርስለት፣ ሲሞትም ፍትሐት ሲፈታለት የሚጠራው ራሱ እንኳ የዘነጋው ስም ነው። ሰው ራሱ የማያስታውሰው ስም እንዴት የማንነቱ ዋና ምልክት ሊሆን ይችላል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ ክርስትና ስለ ሰው ማንነት የሚለውን ሁሉ ተሸክሟል።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። «ማንነት» ዛሬ በአገራችን የፖለቲካ ቃል ሆኗል፤ «የማንነት ጥያቄ» ሲባል ሰው ወዲያው የሚያስበው ብሔርን፣ ወሰንንና መዋቅርን ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ከሥልጠና አዳራሽና ከማኅበራዊ ሚዲያ የለመድነው «ራስህን ፈልገህ አግኝ» የሚል ምክር አለ፤ ማንነት ውስጣችን የተቀበረ ዕቃ ይመስል፣ ቆፍረን እንድናወጣው የሚያዘን። የክርስትና መልስ ከሁለቱም ጋር አይገጥምም። የሚቀርበው የድሮ ወሎዬ ሽማግሌ መንገድ ላይ ያገኙትን ልጅ ለሚጠይቁት ጥያቄ ነው። ሽማግሌው «ማን ነህ?» ብለው አይጀምሩም። «የማን ልጅ ነህ?» ይላሉ። መልሱን ሲሰሙ ነው ፊታቸው የሚፈታው፤ አያትህን ያውቃሉ፣ ስለ አጎትህ ይጠይቁሃል፣ አንተም በዚያች ደቂቃ ከመንገደኛነት ወጥተህ ሰው ትሆናለህ።

የክርስትና ስም የሚመልሰው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ይህን ለማየት ሰዋስው ይበቃል። በግዕዝ «ገብር» ማለት አገልጋይ ነው፣ «ወልድ» ልጅ፣ «ወለት» ሴት ልጅ። ከሌላ ስም ጋር ሲናበቡ የመጨረሻው ፊደል ከስድስተኛው ድምፅ (ሳድስ) ወደ መጀመሪያው ድምፅ (ግዕዝ) ይለወጥና ገብረ፣ ወልደ፣ ወለተ ይሆናሉ። ያቺ የመጨረሻ ፊደል የተከፈተ በር ናት። «ገብረ…» ብለህ ብታቆም ሰሚው «የማን?» ብሎ ይጠብቅሃል። ገብረ ሚካኤል፣ ወለተ ማርያም፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ አመተ ሥላሴ፤ ከእነዚህ አንዱም ለብቻው አይቆምም። እኛ ደግሞ ለአፍ እንዲቀል «ገብሬ»፣ «ወልዴ» እያልን ጌታውን ቆርጠን ጣልነው፤ ለሰፈር ጨዋታ ይሁን፣ ነገር ግን በካህኑ አፍ ሲጠራ ሙሉው ይመለሳል።

ስሙ የሚሰጥበትን ቀን ብናይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። ቁጥሩ ከሁለት ቦታ ይነሣል፦ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ስለ ወላዲት የመንጻት ቀናት ከሚናገረው፣ እንዲሁም አዳም በ40 ቀኑ ሔዋን በ80 ቀኗ ወደ ገነት ገቡ ከሚለው መጽሐፈ ኩፋሌ። ስለዚህ ሕፃኑ ወደ ጥምቀት ሲመጣ ታሪኩ የአዳም ታሪክ ነው፤ ከገነት የወጣው ሰው በዚያው ቀን ቁጥር ተመልሶ ይገባል። የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ሕፃኑን ታቅፈው ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን ይክዳሉ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረው እምነታቸውን ይናገራሉ። ሕፃኑ ሦስት ጊዜ በስመ ሥላሴ ይጠመቃል፣ ሜሮን ይቀባል፣ ማዕተብ ይታሰርለታል፣ በዚያው ዕለት ይቆርባል። ስሙም ይሰጠዋል፤ ብዙ ጊዜ የዕለቱን በዓል በማየት። 12 ከሆነ ሚካኤል፣ 21 ከሆነ ማርያም፣ 27 ከሆነ መድኃኔ ዓለም ይጠጋዋል።

ልብ በሉ፤ ሕፃኑ ይህ ሁሉ ሲደረግለት እንቅልፍ ላይ ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን እያለቀሰ ነው። ምንም አልሠራም፣ ምንም አልመረጠም፣ ፈተና አላለፈም። ቤተ ክርስቲያን ይህን «ልጅነት» ትለዋለች። ልጅነት እዚህ ላይ ዕድሜ አይደለም፤ የእግዚአብሔር ልጅ መሆን ነው። ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 8 «አባ አባት ብለን የምንጮኽበት» ያለው የልጅነት መንፈስ ይህ ነው። በግሪኩ የተጠቀመበት ቃል የሮማ ሕግ የሚያውቀው ነው፤ ያልወለዱትን ልጅ አድርጎ መውሰድ ማለት ነው። ኦክታቪያን የዩልዮስ ቄሣር የእኅት ልጅ ልጅ ነበር፤ ቄሣር በኑዛዜው ልጅ ስላደረገው ስሙን ወርሶ እሱም ቄሣር ተባለ። እኛም ጉዲፈቻ እንላለን፤ «የጡት ልጅ» የሚባልም አለን። ወሎ ውስጥ የጡት ልጅን ለማስረዳት ሮም ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የጡት ልጅ ያደገበትን ቤት ስም ይይዛል፣ ከወንድሞቹ እኩል ይቆጠራል፤ ሆኖም እዚያ ቤት የገባው ተቀብለውት እንደሆነ ያውቃል።

እዚህ ላይ ነው ደሴ ራሷ ወደ ጨዋታው የምትገባው። ከከተማዋ ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄድ ብሎ ቦሩ ሜዳ አለ። ዛሬ ብዙው ሰው ስሙን የሚያውቀው በሆስፒታሉ ነው። በ1870 ዓ.ም. ግን አፄ ዮሐንስ አራተኛ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት የሃይማኖት ጉባኤ አድርገውበታል። ለዘመናት የቆየ ክርክር ነበር፤ በአጭሩ ሲቀመጥ ክርስቶስ በምን ዓይነት ልጅነት ልጅ ነው የሚል ነው። ከአብ ያለ እናት፣ ከድንግል ማርያም ያለ አባት ተወለደ፤ ልደቱ ሁለት ነው የሚሉት አንዱ ወገን ናቸው። ሌሎቹ በመንፈስ ቅዱስ መቀባቱን ሦስተኛ ልደት አድርገው ቆጠሩ፤ በሰውነቱ «የጸጋ ልጅ» ሆነ አሉ። ቅባቶች የሚባሉትም ስለዚሁ መቀባት የራሳቸው ትርጓሜ ነበራቸው። ከእስክንድርያ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ፣ ሁለት ልደት የሚለው ጸና፣ ሦስት ልደት ተወገዘ። የተሸነፉት ሊቃውንት ሐሳብ እዚህ በሁለት መስመር ካስቀመጥኩት በላይ ረቂቅ እንደሆነ ግን መናገር ይገባል።

ይህ ለአንድ የሚኒባስ ተሳፋሪ ምኑ ነው? ሁለቱን ቃላት ያዟቸው፦ የባሕርይ ልጅና የጸጋ ልጅ። የባሕርይ ልጅ ማለት ወላጁ የሆነውን ሁሉ የሆነ፣ ልጅነቱ ከውጭ ያልመጣለት ነው። የጸጋ ልጅ ማለት ልጅነት የተሰጠው ነው። በቦሩ ሜዳ የጸናው ትምህርት የባሕርይ ልጅነትን ለክርስቶስ ብቻ አስቀመጠ፤ የሚጠመቀው ሰው ደግሞ የጸጋ ልጅ ነው። ሰጪው ራሱ ተቀባይ ከሆነ ለሌላው የሚተርፍ ከየት ያመጣል የሚል ነው የሙግቱ አስኳል። ከዚህ የሚወጣው ስለ እኛ ነው። ክርስቲያን ማንነቱ ስጦታ ከሆነ በሥራው ያገኘው አይደለም፤ ስለዚህ ሥራ ሲያጣ አይጠፋበትም። በሌላ በኩል፣ ስጦታ ስለሆነ «በደሜ ያለ ነው» ብሎ የሚኩራራበትም አይደለም። ብዙዎቻችን የምንሰናከለው በዚህ በሁለተኛው ነው። ክርስትናን ከአያት የወረድን ርስት አስመስለን የባሕርይ ልጅ ነን ብለን እንኖራለን።

የመጀመሪያውን፣ ሥራ ሲጠፋ ከሰው ምን እንደሚቀር፣ በዓይኔ ያየሁት በ2014 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሰው በእግሩ፣ በአይሱዙ፣ በተገኘው ሁሉ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣ። መታወቂያ የጠፋበት፣ የትምህርት ማስረጃው ቤት የቀረበት ብዙ ነበር። ኮምቦልቻ በፋብሪካ የምትኖር ከተማ ናት፤ «የት ነህ?» ሲባል ሰው የፋብሪካውን ስም ይጠራ ነበር። ፋብሪካው ሲዘረፍ ያ መልስም አብሮ ተዘረፈ። ሃያ ዓመት በአንድ ማሽን ላይ የቆሙ ሰው መጠለያ ውስጥ ስማቸውን ለመዝጋቢ ሲናገሩ «ሥራ?» በሚለው ላይ ዝም ሲሉ አይቻለሁ። እምነት ያንን ዝምታ ያጠፋዋል ብዬ አልዋሽም፤ አላጠፋውም። ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 43 ላይ «በስምህ ጠርቼሃለሁ፥ አንተ የእኔ ነህ» የሚል ቃል አለ፤ የተነገረው ለምርኮኞች ነው፤ ቤታቸውንና ከተማቸውን ላጡ። ቃሉን በመጠለያ ውስጥ መስማትና በሰርግ ካርድ ላይ ማንበብ አንድ አይደለም።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ማንነት ከተሰጠ፣ ማን ነው ሰጪው? በወሎ ይህ ጥያቄ ቁስል አለው። ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጋር ተያይዞ አፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። በወሎ የወረ ሂመኖ ገዥ የነበሩት ኢማም መሐመድ አሊ ተጠመቁ፣ አፄ ዮሐንስ የክርስትና አባት ሆኑላቸው፣ ስማቸውም ሚካኤል ተባለ። ኢማም አባ ዋጠው ደግሞ ምኒልክ የክርስትና አባት ሆነውላቸው ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሕዝቡ ግን ሁሉም እሺ አላለም። የወሎውን የእስልምና መምህር ሼኽ ጦልሐን ተከትሎ የተቃወመ ነበር፣ የተሰደደ ነበር፣ «ቀን ክርስቲያን፣ ማታ እስላም» የተባለለትም ነበር። ቀን የሚጠራበት ስም ሌላ፣ ሌሊት የሚጸልይበት ስም ሌላ። በትእዛዝ የተሰጠ ልጅነት የሚያመጣው እንዲህ ያለ ክፍፍል ነው፤ ያንኑ የጸጋን ትምህርት ባጸናው ሜዳ ላይ መሆኑ ደግሞ ያሳዝናል። ጸጋ በግድ ከተሰጠ ጸጋነቱ ምኑ ላይ ነው?

ሚካኤል ራሳቸው በክርስትናቸው ጸንተው ኖሩ፣ በ1906 ዓ.ም. ነገሡ፣ ደሴ ላይ አይጠየፍ የተባለውን አዳራሽ አሠሩ፤ ስሙ ማንንም አይንቅም ማለት ነው። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከቀረቡባቸው ክሶች ዋናው ደግሞ እስልምናን ተቀብለዋል የሚል ነበር። የአባትየው ልደት በልጁ ላይ ክስ ሆኖ ተመለሰ ማለት ይቻላል። ያን ጊዜም ማንነት ጌታ ዘንድ ከሚታወቀው ይልቅ ቤተ መንግሥት በሚያነበው መንገድ ይነበብ ነበር።

ይህን ይዘን ሌላውን ጥያቄ እናንሣ፦ አዲሱ ስም አሮጌውን ይሰርዛል? ብዙ ሰባኪ «ሳውል ነበር፣ ሲያምን ጳውሎስ ተባለ» ይላል። ሐዋርያት ሥራን ቀስ ብሎ ያነበበ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አያገኝም። በምዕራፍ 9 ተጠምቆም ሳውል ይባላል፣ እስከ ምዕራፍ 13 ድረስ። እዚያም «ጳውሎስ የተባለው ሳውል» ተብሎ ነው የሚያልፈው፤ ሁለት ስም የነበረው ሰው ነው፣ አንዱ ለአይሁድ ቤቱ፣ አንዱ ለሮማው ዓለም። ወደ ገላትያ ሰዎች ምዕራፍ 3 ላይ በክርስቶስ አይሁዳዊና የግሪክ ሰው፣ ባሪያና ጨዋ፣ ወንድና ሴት የለም ብሎ የጻፈው እሱ ነው። ወደ ሮሜ ሰዎች ምዕራፍ 11 ላይ ከብንያም ወገን የሆንኩ እስራኤላዊ ነኝ ያለውም እሱ ነው። ሊገርፉት ሲያስሩት ሮማዊ ዜግነቱን አውጥቶ አሳይቷል። ስለዚህ «የለም» ሲል ጠፍቷል ማለቱ አልነበረም። በጌታ ማዕድ ላይ ማን ቀድሞ ይቀመጥ የሚለውን ከእንግዲህ አይወስንም ማለቱ ነው።

ደሴ ላይ ይህን ለማየት የስም ዝርዝር መክፈት ይበቃል። አባት ሰይድ፣ ልጅ ክርስቲያን፤ አባት ገብረ ማርያም፣ ልጅ ሙስሊም። በእኛ አጠራር ሁለተኛው ስም የአባት ነውና አይቀየርም፤ የተጠመቀችው ልጅ ወለተ ኪዳን ብትባልም በመታወቂያዋ ላይ የአባቷ መሐመድ ይከተላታል። አክስቷ ለዒድ ይጠሯታል፣ እሷም ለፋሲካ ትጠራቸዋለች፣ ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ ቡናው አንድ ላይ ይፈላል። አንዳንድ ሰው ይህን የእምነት መላላት አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን የማን እንደሆነ ያወቀ ሰው ከዘመዱ ጋር ለመቀመጥ አይፈራም ባይ ነኝ። ማዕተቡን የወገን ባንዲራ አድርጎ የሚያወዛውዘው አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያልረጋው ነው።

በዚሁ ልጨምር፣ ክርስቲያኖች ሁሉ ይህን በአንድ መንገድ አይረዱትም። ካቶሊካውያንም መካነ ኢየሱስም ሕፃናትን ያጠምቃሉ። ሙሉ ወንጌልና ቃለ ሕይወትን የመሰሉት ግን ሰው አድጎ በአፉ መስክሮ እንዲጠመቅ ይጠብቃሉ፤ ለእነሱ ማንነት የሚጀምረው «ጌታን የተቀበልኩ ቀን» ብለው ከሚመሰክሩት ነው፣ አዲስ ስምም አያስፈልግም። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ አላሳንሰውም። ነገር ግን ያን ቀን የሚመሰክር ሰውም ሲናገር «ፈለገኝ፣ አገኘኝ» ነው የሚለው፤ ባለቤቱ ሌላ ነው።

በሕፃንነት የተሰጠ ነገር ካደጉ በኋላ ካልተያዘ ምን ይጠቅማል የሚለው የእነሱ ጥያቄ ግን ለእኛም ጥሩ ጥያቄ ነው። የኦርቶዶክሱ መልስ ንስሐ፣ ቁርባንና የዕለት ኑሮ ነው። በጣም ጎልቶ የሚታየው ደግሞ ምንኩስና ላይ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያቀኑት ገዳም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚያ እሳቸው ዘንድ ቆይተዋል። የልጅነት ስማቸው ፍሥሐ ጽዮን ነበር፤ ስማቸው የተለወጠው አድገው፣ ለአገልግሎት ሲጠሩ መሆኑን ገድላቸው ይናገራል። የሚመነኩስ ሰው ደግሞ ተኝቶ የሙታን ጸሎት ይጸለይለታል። በቁሙ ተገንዞ ይነሣል። «ነፍሱን ሊያድን የሚወድ ሁሉ ያጠፋታል» የሚለው የጌታ ቃል እዚያ ሥርዓት ሆኖ ይታያል፤ ራስህን ፈልገህ አግኝ ከሚለው ምክር ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል።

አንድ ተግባራዊ ነገር ሳልረሳ። የክርስትና ስም ጥንት ይደበቅ ነበር፤ መተተኛ እንዳይሠራበት ተብሎ እናትና ካህን ብቻ ይይዙት ነበር። ፍርሃቱ አሁን ቀንሷል፣ መርሳቱ ግን ጨመረ። ሰው በድንገት ሲሞት ዲያቆኑ «የክርስትና ስሙ ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ ቤተሰቡ እርስ በርሱ ሲተያይ ስንቴ አይቻለሁ። እናት ካለፈች የሚጠየቅ የለም። የልጆቻችሁን፣ የራሳችሁንም፣ አንድ ቦታ ጻፉት፤ የዳዊት መጽሐፍ ልባስ ውስጥም ቢሆን።

ሚኒባሱ ደሴ ሲገባ የጦሳ ተራራ ገና በጉም ተሸፍኗል። ልጁ ኔትወርክ አገኘ። እናቱ አንድ ነገር አሉት፣ እሱም በለሆሳስ ደገመው፤ ምን እንደሆነ አልሰማሁም። ባለ ሻሿ እናት እንደገና ዞሩ።

«አገኘኸው?»

«አገኘሁት።»

«ማን አለችህ?»

ፈገግ ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። እሳቸውም አልደገሙትም፤ የወሎ ሰው ናቸውና ያውቁታል። ዮሐንስ በራእዩ ምዕራፍ 2 ላይ ነጭ ድንጋይ ላይ ስለተጻፈ፣ ከተቀበለው በቀር ማንም ስለማያውቀው ስም ጽፏል። ረዳቱ «ፒያሳ ወራጅ አለ?» አለ። ልጁ ቦርሳውን አንሥቶ ወረደ።